ሚኒሶታ መጥታችሁ የፌዘንት አደን መጀመር ለምትፈልጉ

ከዲሲም ይሁን ከአዲስ አበባ ወደ ሚኒሶታ የመጣችሁ፣ በተለይ ለስራ ወደ ዎርዚንግተንና ማርሻል አካባቢ የገባችሁ፣ ኦክቶበር ላይ ብርቱካናማ ቬስት ለብሰው ሳር ለሳር የሚሄዱ ሰዎች ታያላችሁ፣ የሚፈልጉት ፌዘንት የሚባለውን ወፍ ነው። አገር ቤት ቆቅና ጅግራ የምታውቁ ቶሎ ይገባችኋል፣ መሬት ላይ የሚኖር፣ ከመብረር መሮጥ የሚመርጥ፣ አጠገቡ ስትደርሱ ድንገት ከእግራችሁ ስር ብድግ የሚል ወፍ ነው። ብዙ ጀማሪ መጀመሪያ ሱቅ ሄዶ ጠመንጃ ይገዛል። እኔ ግን ጠመንጃው መጨረሻ ይሁን ነው የምለው፣ መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ መሬቱ።

ወረቀት ስል ከሁሉ በፊት የኢሚግሬሽን ሁኔታችሁን ማለቴ ነው፣ ይሄን እባካችሁ አትዝለሉት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ የሚከለክለው ነገር ከሌለ በፌደራል ህግ ጠመንጃ መግዛትም መያዝም ይችላል። በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው ግን በመሰረቱ የተከለከለ ነው፣ የአደን ፈቃድ ላወጣ ሰው ልዩ ሁኔታ አለ ግን እሱን ጠበቃ ይንገራችሁ። ጥገኝነት ጠይቃችሁ የምትጠብቁ፣ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ያላችሁም፣ ጠበቃ ሳታማክሩ የጓደኛችሁን ጠመንጃ እንኳን እንዳትነኩ። ሱቅ ውስጥ የሚሞላው ፎርም ዜግነት ይጠይቃል፣ ዜጋ ሳትሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ከአገር ሊያስባርር ይችላል፣ ስለዚህ ያልገባችሁን ነገር እንዳትፈርሙ።

ከ1979 በኋላ (በፈረንጆቹ ነው) የተወለደ ሰው ፈቃድ ለማውጣት የጠመንጃ ደህንነት ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል፣ 18 ዓመት የሞላው ኮርሱን ኦንላይን መጨረስ ይችላል። 60 ቀን ሚኒሶታ ከኖራችሁ እንደ ነዋሪ ትከፍላላችሁ፣ በጣም ይረክሳል። ዲኤንአር (የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መስሪያ ቤት) ላይ ስሞል ጌም ላይሰንስ (የወፍና የትናንሽ እንስሳት አደን ፈቃድ) እና የፌዘንት ስታምፕ ትገዛላችሁ፣ አለቀ።

አሁን መሬቱ። ስቴቱ ደብሊውኤምኤ የሚላቸው ለሁሉም ክፍት የሆኑ ቦታዎች ከ1 ሚሊዮን ኤከር በላይ ናቸው፣ ካርታው ዲኤንአር ዌብሳይት ላይ አለ፣ በ3 ዶላር ደግሞ ገበሬዎች በዎክ ኢን ፕሮግራም የከፈቱት መሬት ላይ መግባት ትችላላችሁ። የእርሻ መሬት ግን ምልክት ባይኖረውም ያለ ፈቃድ አይገባም፣ በር አንኳኩታችሁ በትህትና ጠይቁ፣ እምቢ ካሏችሁም አመስግናችሁ ሂዱ። ሲዝኑ ሳይከፈት ቅዳሜ እሁድ ዝም ብላችሁ እየነዳችሁ ሳር፣ በቆሎና ፊላ የሞላበት ረግረግ ጎን ለጎን ያለበትን ቦታ ፈልጉ። ወፉ በቆሎ ውስጥ ይበላል፣ ሳር ውስጥ ያድራል፣ በረዶ ሲከብድ ፊላው ውስጥ ይሸሸጋል፣ እና በቆሎው ገና ካልታጨደ ቀኑን እዛ ውስጥ ስለሚውል አታገኙትም፣ ከታጨደ በኋላ ግን ሳሩ ይሞላል። እኔ ከሁሉ የምወደው ፀሀይ ልትጠልቅ ስትል ያለውን አንድ ሰዓት ነው ምክንያቱም ከበቆሎው ወደ ሳሩ የሚመለሱት ያኔ ነው።

ውሻ የለንም ብላችሁ አትቅሩ። ዚግዛግ እያላችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ በየመሀሉ ቁሙ፣ ስትቆሙ ወፉ ይጨንቀውና ይነሳል፣ መጨረሻችሁ ደግሞ ሳሩ የሚያልቅበት ጫፍ ይሁን፣ ሮጦ ሮጦ መሸሻ የሚያጣው እዛ ነው።

ሲዝኑ ኦክቶበር አጋማሽ ቅዳሜ ይከፈትና ጃንዋሪ 1 ያልቃል፣ የሚተኮሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በፈረንጅ 9) እስከ ፀሀይ መጥለቂያ ነው። ወንዱ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ በቀን 2፣ ከዲሴምበር 1 ጀምሮ 3። ወንዱ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት አለው፣ ጭራው ረጅም ነው፣ ሲነሳ ይጮሀል፣ ሴቷ ቡናማ ናት። ፀሀይ ፊታችሁ ላይ ሆና ቀለሙን ካልለያችሁ አትተኩሱ። ዝቅ ብሎ የሚበር ወፍ ላይም በጭራሽ፣ ከሱ በታች ሰው ወይም ውሻ አለ፣ ከወፉ ጀርባ ሰማይ ስታዩ ብቻ ተኩሱ። ከወገብ በላይ ብርቱካናማ መልበስ ግዴታ ነው፣ እኔ ኮፍያም ቬስትም ልበሱ እላለሁ።

ጠመንጃ 12 ወይም 20 ጌጅ (የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው) ፓምፕ፣ ማለትም በእጅ እየሳባችሁ የምታጎርሱት፣ ይበቃል፣ ያገለገለም ይሆናል፣ ግን ሜዳ ከመውጣታችሁ በፊት ክሌይ ሬንጅ (የሸክላ ኢላማ መተኮሻ ቦታ) ሄዳችሁ ተለማመዱ። ጥይት ስቲል (የብረት) ግዙ፣ ለአደን ክፍት የሆኑ አንዳንድ የፌደራል መሬቶች ላይ የእርሳስ ጥይት ክልክል ስለሆነ ሁሌ አንድ አይነት መያዝ ይሻላል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ፌዘንትስ ፎርኤቨር የሚባለው የፌዘንት ወዳጆች ድርጅት (በ1982 እዚሁ ሴንት ፖል ነው የተመሰረተው) በብዙ ካውንቲዎች ቻፕተር (ቅርንጫፍ) አለው፣ ጀማሪ ይዘው የሚወጡ ሰዎች እዛ ታገኛላችሁ።

አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ አስቡበት። ወፉ በጥይት ሞቶ ነው የሚወድቀው፣ ተባርኮ ያልታረደ የማትበሉ የነፍስ አባታችሁን ወይም ሼካችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የምትጾሙ ደግሞ ህዳር 15 የነቢያት ጾም ስለሚገባ ከዛ በኋላ ያገኛችሁትን ለገና ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጣላችሁ። ቤት እስክትደርሱ ከጭንቅላቱ፣ ከነላባው ክንፉ ወይም ከእግሩ ቢያንስ አንዱን ሳትቆርጡ ተዉት፣ ኦፊሰር ካስቆማችሁ ወንድ መሆኑን የሚያይበት እሱ ነው። ለወጥ ስትገነጣጥሉት እግሩ ውስጥ ያለውን ጠንካራ ጅማት አውጡ፣ ስጋው ውስጥ የቀሩትን የጥይት ቅንጣቶች በጣት ፈልጉ ጥርስ ይሰብራሉ፣ ስብ ስለሌለው ታፋውን ቀድማችሁ ቁሌቱ ውስጥ ክተቱና ቀስ ብሎ ይብሰል፣ ደረቱን ግን መጨረሻ ላይ ጨምሩት፣ ብዙ ከቆየ ይደርቃል።