ኮንትሮለር ቀይራችሁ ሳይክሏ ስታስቸግር፦ ችግሩና መፍትሄው

ባሕር ዳር ውስጥ ርካሽ ታጣፊ የኤሌክትሪክ ሳይክል እንደመጣች ትበቃለች። መንገዱ ሜዳ ነው። ወደ ቤዛዊት ሽቅብ ስትሉ ግን ትዝላለች። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ለምትኖሩማ ዳገቱ የየቀኑ ጣጣ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ኮንትሮለሩን፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ሳጥን፣ በትልቅ ልቀይረው የሚለው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ባትሪና ሞተር ከመቀየር በጣም ይረክሳል፣ ለውጡም ዳገቱ ላይ ወዲያው ይታወቃል።

እነዚህ ሳይክሎች አብዛኛውን ጊዜ ባለ36 ቮልት ባትሪ፣ ባለ250 ዋት ሞተርና 15 አምፔር አካባቢ የሚስብ ኮንትሮለር ይዘው ይመጣሉ። 36 በ15 ሲባዛ 540 ዋት ነው። ኮንትሮለሩን ባለ25 አምፔር ካደረጋችሁት 900 ዋት ይሆናል። ይሄ ተጨማሪ ጉልበት የሚመጣው ከባትሪው ነው፣ የሚያልፈውም በዚያው በቀጭኑ ሽቦ ነው። ስለዚህ ከቅያሪ በኋላ ሳይክሏ ስታስቸግር አዲሱን ኮንትሮለር "ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ" ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ባትሪውን፣ ሽቦውንና ሶኬቱን ፈትሹ። አብዛኛው ችግር እዚያ ነው ያለው። የሚያስፈልጋችሁ አንድ መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ) ነው። ርካሹም ይበቃል።

ዳገት ላይ ድርግም ብላ ትጠፋለች

ይሄ ዋነኛው ነው። መጀመሪያ ዲስፕሌዩን (መሪው ላይ ያለውን ስክሪን) እዩት። ሞተሩ ሲቆም ዲስፕሌዩም አብሮ ከጠፋ፣ ባትሪው ውስጥ ያለው መከላከያ ካርድ (ቢኤምኤስ የሚሉት) ቆርጦታል ማለት ነው። ካርዱ 15 አምፔር ብቻ እንዲያሳልፍ ከተሰራ 25 ሲጠየቅ ይዘጋል፤ ስራው ነው። ዲስፕሌዩ በርቶ ሞተሩ ብቻ ከቆመና የቮልት ቁጥሩ ወርዶ ከታየ ደግሞ የቆረጠው ኮንትሮለሩ ራሱ ነው። ባለ36 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 42 ቮልት ነው፤ ኮንትሮለሩ ደግሞ 30 ወይም 31 አካባቢ ሲደርስ ያቆማል። ያረጀ ባትሪ ቆሞ ሲለካ 38 ያሳይና ዳገት ላይ ከባድ ጉልበት ሲጠየቅ እዚያ ድረስ ይወድቃል። ጎማው ሲያርፍ ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል፣ ሰውም "ባትሪው እኮ ደህና ነው" ይላል። ደህና አይደለም።

መፍትሄው የኮንትሮለሩን አምፔር ለባትሪው ልክ ማውረድ ነው። ኬቲ የሚባለውን ዓይነት ኮንትሮለር ከነዲስፕሌዩ ከገዛችሁ ሲ5 የሚል ማስተካከያ አለው። 10 ላይ ከሆነ ሙሉውን ይስባል። 6 ስታደርጉት ባለ25ቱ ወደ 20 ይወርዳል፣ 4 ስታደርጉት ወደ 17። ባትሪው የማይቆርጥበትን ቦታ እስክታገኙ አንድ በአንድ አውርዱ። አንዳንድ ሰው "ቢኤምኤሱን ዝለለውና በቀጥታ አገናኘው" ብሎ ይመክራል። እባካችሁ እንዳታደርጉት። የሊቲየም ባትሪ እሳት በውሃ በቀላሉ የሚጠፋ እሳት አይደለም፣ ብዙዎቻችሁ ደግሞ ሳይክሏን አጣጥፋችሁ የምታሳድሯት የምትተኙበት ክፍል ውስጥ ነው።

ጭራሽ አትበራም

ትልቁ ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገናኝቷል፣ ግን ምንም የለም። ብዙ ኮንትሮለሮች ላይ አንድ ቀጭን ቀይ ሽቦ ለብቻው ይወጣል። እሱ ማብሪያው ነው፤ የባትሪው ፖዘቲቭ በዲስፕሌዩ ወይም በቁልፉ በኩል ዞሮ ካልደረሰው ኮንትሮለሩ አይነቃም። ሌላው ምክንያት አሮጌውን ዲስፕሌይ ከአዲሱ ጋር መሰካት ነው። ሶኬቱ ልክክ ብሎ ቢገባም የሽቦው አሰላለፍ ሊለያይ ይችላል፤ ከመካከላቸው አንዱ የባትሪውን ሙሉ ቮልት ስለሚይዝ ቦታ ከሳተ ያቃጥላል። አሰላለፉ ቢገጥም እንኳ የተለያዩ ፋብሪካዎች ኮንትሮለርና ዲስፕሌይ ብዙ ጊዜ አይግባቡም። ሁለቱን አብራችሁ ግዙ፤ ከመሰካታችሁ በፊትም ለኩ። ባትሪውን ስትሰኩ የምታዩት ትንሽ ብልጭታ ግን አያስደንግጣችሁ፣ የኮንትሮለሩ ካፓሲተር ሲሞላ ነው።

ትበራለች፣ ግን ጎማው ይንቀጠቀጣል፣ ያጉረመርማል

ሦስቱ ወፍራም የሞተር ሽቦዎች ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ናቸው። አምስቱ ቀጫጭኖች ደግሞ የሆል ሴንሰር (ሞተሩ የት እንደደረሰ ለኮንትሮለሩ የሚነግረው) ናቸው፤ ቀይና ጥቁሩ 5 ቮልት ያቀብላሉ፣ ሦስቱ ሲግናል ናቸው። ቢጫን ከቢጫ፣ አረንጓዴን ከአረንጓዴ ማገናኘት ሁልጊዜ አይሰራም፤ ፋብሪካዎቹ በቀለም አልተስማሙም። ኮንትሮለራችሁ ሁለት ነጠላ ነጭ ሽቦዎች ካሉት ዕድለኛ ናችሁ፣ ብዙ ጊዜ የመማሪያ ሽቦ የሚባሉት እነሱ ናቸው። የሞተሩን ጎማ ከመሬት አንሱ፣ ነጮቹን አገናኙ፣ አብሩ። ጎማው ራሱ ይዞራል። ወደ ኋላ ከዞረ ነጮቹን ነቅላችሁ መልሳችሁ አገናኙ። በትክክል ሲዞር ለያዩአቸውና ጫፋቸውን በናስትሮ ጠቅልሉ።

መማሪያ ከሌለው የሆሉን ሽቦ ሳትነኩ ሦስቱን ወፍራሞች አቀያይሩ። ስድስት አሰላለፍ ነው ያለው፣ ትክክለኛው አንዱ ብቻ ነው። አንዳንዱ የተሳሳተ አሰላለፍ ጎማውን ያዞርና ያታልላል። ጋዙን ትንሽ ብቻ ስጡ፣ ድምፁን ስሙ። እየጮኸና እየሞቀ የሚዞር ከሆነ ገና ነው። በለስላሳ ድምፅ ወደ ኋላ ከዞረ ደግሞ ሁለት የሆል ሲግናሎችን አቀያይሩና ወፍራሞቹን እንደገና ከመጀመሪያ ሞክሩ።

አሰላለፉ ትክክል ሆኖም አንዳንዴ ተነስታ አንዳንዴ እምቢ ካለች፣ የሆል ሶኬቱን አውጡና በቅርበት እዩት። ከነጩ ፕላስቲክ ውስጥ ካሉት ትንንሽ ነሐስ ጫፎች አንዱ ስትሰኩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ይሆናል። ከፊት ሲታይ ከሌሎቹ ትንሽ ጠልቆ ይቀመጣል፣ በጣት ስትነኩት ይወዛወዛል። ከኋላ በቀጭን ካቻቢቴ ገፋ አድርጉት፣ ቀጭ ብሎ መያዝ አለበት። ካልሆነ መልቲሜትሩን ጥቁሩና ከሲግናሎቹ አንዱ ላይ አድርጋችሁ ጎማውን በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩ፤ ንባቡ ወደ ዜሮና ወደ 5 ቮልት መመላለስ አለበት። ማርሽ ያለው ሞተር ከሆነ ወደ ኋላ አዙሩት፣ ወደ ፊት ሲዞር ውስጡ ስለማይዞር ምንም አያሳይም። ይህን ሳያውቁ "ሆሉ ሞቷል" ብለው ደህና ሞተር የሚፈቱ አሉ።

ታጣፊ ሳይክል ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት ማጠፊያው ጋ ያለውን ሽቦ ጠርጥሩ። በታጠፈች ቁጥር ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ይታጠፋል፤ ላስቲኩ ደህና መስሎ መዳቡ ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል። ጎማውን አንስታችሁ እየዞረ ሳለ ሽቦውን ማጠፊያው ላይ ወዝወዝ አድርጉ። ከተቆራረጠ አገኛችሁት። በካውያ በይዱት እንጂ ጠምዝዛችሁ በናስትሮ ብቻ አትለፉት፤ ስትመልሱትም እንዳይወጠር ትንሽ ትርፍ ተዉለት።

የሆነ ነገር ይሸታል፣ ሶኬቱም ቀልጧል

25 አምፔር ለ15 በተሰራ ሽቦና ሶኬት ሲያልፍ ይሞቃል። ከባትሪ እስከ ኮንትሮለር ያለውን ወፍራም ሽቦ አድርጉት፣ ሶኬቱንም ኤክስቲ60 በሚባለው ቢጫ ሶኬት ለውጡ። ትልቁ ኮንትሮለር አሮጌው ሳጥን ውስጥ አልገባ ሲል በግድ የሚወትፉት ብዙ ናቸው። ነፋስ ካላገኘ ራሱን ያቃጥላል። ከኮርቻው ስር ወይም ከኋላ መጫኛው ስር ውጭ እሰሩት፣ ሽቦ የሚወጣበት ጎኑ ወደ ታች ይሁን። ትንሹ ሞተርም ቢሆን ወሰን አለው። አጭር ዳገት ላይ 900 ዋት ይችላል። የዓባይ በረሃን የመሰለ ረጅም ዳገት ላይ ግን ጠመዝማዛ ሽቦው ይግላል፣ ውስጡ ያለው የፕላስቲክ ማርሽም ይላጫል። እዚያ ፔዳሉን አግዙ፣ እየቆማችሁም አሳርፉት።

ኃይል ሲጨምር የሞተሩ አክስልም ቦታው ላይ መዞር ይጀምራል፤ አንዴ ከዞረ ሽቦውን ይቆርጠዋል። ዳዶውን በደንብ አጥብቁ፣ አክስሉን ከፎርኩ ጋር የሚያስር ብረት ደግሞ በያጅ ጋ አሠሩ። ዋጋው ትንሽ ነው።

ጠፍታም ጎማው በእጅ አልዞር ይላል

ሦስቱን ወፍራም ሽቦዎች ከኮንትሮለሩ ንቀሉ፣ ጫፎቻቸው እንዳይነካኩ ለያዩና ጎማውን ሞክሩ፤ ማርሽ ያለው ከሆነ ወደ ኋላ። ከለቀቀ ኮንትሮለሩ ውስጥ ሞስፌቱ (ኃይሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ክፍል) ተቃጥሏል። አሁንም ከያዘ ሽቦዎቹ አክስሉ አካባቢ ተላልጠው ተነካክተዋል።

ክረምት ላይ ብቻ የምታምፅ ከሆነ

የጎጃም ዝናብ ሽቦውን ተከትሎ ኮንትሮለሩ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ ሽቦ ኮንትሮለሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ወርዶ እንደገና እንዲወጣ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ውሃው እታችኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። ዲስፕሌዩ በርቶ ጋዙ ምንም ካልሰራ የፍሬን እጀታው ላይ ያለው መቁረጫ እርጥበት ገብቶት ፍሬን ተይዟል እያለ ይሆናል። ሶኬቱን ነቅላችሁ ሞክሩ። ከሰራች እጀታውን አድርቁና መልሳችሁ ሰኩት፤ ጉልበት በጨመረች ሳይክል ላይ ያለ መቁረጫ አትንዱ።