አስረኛ ፎቅ ላይ ሻወሩ እንዳይደርቅ፦ ለባሕር ዳር ሆቴሎች የውሃ ነገር

ባሕር ዳር ላይ ፎቅ ሆቴል የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። እንደ ግዮን ያሉት የሐይቅ ዳር ነባር ሆቴሎች በዛፍ መሃል ዝቅ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ ለእንዲህ ዓይነት ግቢ የመስመር ግፊት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ወደ ላይ ሲወጣ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ውሃ በየ10 ሜትሩ 1 ባር ግፊት ይበላል። እንግዳው ጣናን በመስኮት እያየ ሻወሩ ጠብ ጠብ የሚለው ለዚህ ነው።

ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት ከምድር ቤቱ ታንከር ወለል እስከ ጣሪያው ሮቶ (የፕላስቲክ ውሃ ማጠራቀሚያ) አፍ ያለውን ከፍታ ይለኩ። አስር ፎቅ በ3.2 ሜትር ሲባዛ 32፣ የምድር ቤቱ ጥልቀት 4፣ የሮቶው ማቆሚያ 3፣ ድምሩ 39 ሜትር። በቧንቧና በመታጠፊያ ለሚጠፋው 15 በመቶ ይጨምሩ፤ 45 ሜትር ገደማ ይሆናል። 10 ሺህ ሊትር በሁለት ሰዓት እንዲሞላ ከፈለጉ በዚህ ከፍታ በሰዓት 5 ሺህ ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ባለ 1.5 ኪሎዋት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ይወጣዋል። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ታርጋው ላይ ነው። ጎላ ብሎ የተጻፈው ከፍተኛ ሜትር ውሃው ጨርሶ የማይፈስበት ነጥብ ነው። «50 ሜትር» የሚለውን ገዝቶ 45 ላይ መትከል ማለት ሮቶው ሌሊቱን ሙሉ ሳይሞላ ማደር ነው። በየከፍታው ስንት ሊትር እንደሚገፋ የሚያሳየውን የፓምፑን ግራፍ ከሻጩ ይጠይቁ።

ፓምፑን ከታንከሩ በላይ አይስቀሉት። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ፓምፕ ከታች የሚስበው ጥልቀትም ያጥራል። ከ5 ሜትር በላይ ከሳበ እንደ ጠጠር መንኳኳት ይጀምራል፣ ውስጡም ይበላል። ከታንከሩ ወለል እኩል ይቀመጥ።

የምድሩን ታንከር መቼ ማጠብ እንዳለብዎ የሚወስነው ሐይቁ ነው። ጣና በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፣ ከክረምቱ በፊት በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ይወርዳል፤ ዳርቻው ላይ የከርሰ ምድር ውሃውም አብሮ ይወጣል ይወርዳል። በመስከረም ታንከሩን ባዶ ቢያደርጉት ከሥር ያለው ውሃ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ወለሉ ይሰነጠቃል፣ የተቀበረ ፕላስቲክ ከሆነ ይጨማደዳል ወይም ብድግ ይላል። ስንጥቁ ደግሞ የጎረቤትን ሴፕቲክ ፍሳሽ ያስገባል፤ ይህ ከመሰንጠቁ የባሰ ነው። እጥበቱን ግንቦት ላይ ያድርጉ። ገና እየገነቡ ከሆነ ታንከሩን ለሁለት ይክፈሉት፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ሞልቶ ይቆያል።

ጣሪያው ላይ 10 ሺህ ሊትር 10 ቶን ነው፤ በኋላ ሮቶ የሚጨምር ሰው መሐንዲስ ሳያማክር አይጨምር። ሮቶው ከላይኛው ፎቅ ሻወር በ4 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ሻወሩ የሚያገኘው 0.4 ባር ነው፤ የዛሬ የሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ማደባለቂያ ቧንቧ ግን 1 ባር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ለላይኞቹ ሁለት ወይም ሦስት ፎቆች ትንሽ ማጠናከሪያ ፓምፕ ይግባ። ሙቅና ቀዝቃዛው መስመር እኩል መጠናከር አለባቸው። ቀዝቃዛው ብቻ ከተጠናከረ ማደባለቂያው ውስጥ ሙቁን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ እንግዳው «ሙቅ ውሃ የለም» ብሎ ሪሴፕሽን ይደውላል፣ ጥገናው ጤነኛውን ቦይለር ይፈታል።

ማጠናከሪያው በየጥቂት ሰከንዱ እየተነሳ ከቆመ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ላይ አይደለም፤ ከፓምፑ ጋር በተገጠመው የግፊት ጋን ውስጥ ያለው፣ አየሩን ከውሃው የሚለየው የጎማ ከረጢት ነው። እንደ መኪና ጎማ መንፊያ ያለችውን የጋኑን የአየር አፍ በጥፍርዎ ይጫኑ። ውሃ ከወጣ ከረጢቱ ተቀዷል፣ ይቀየር። ምንም ካልወጣ አየሩ አልቋል። የፓምፑን ኤሌክትሪክ ያጥፉ፣ የጋኑን ውሃ ሙሉ በሙሉ ያፍስሱ፣ ከዚያ በመንፊያ አየር ይሙሉ፤ ፓምፑ በ2 ባር የሚነሳ ከሆነ 1.8 ድረስ። ውሃውን ሳያፈስሱ ከነፉት ጌጁ የሚያሳይዎት የውሃውን ግፊት ነው፣ በማግስቱም ያው ችግር ይመለሳል።