በአንድ መስመር ሁሉንም ሳጥን የመሙላት ጌም እምቢ ሲላችሁ

ጣት ሳያነሱ ሁሉንም ሳጥን መሙላት፣ ያለፉበት ላይ አለመመለስ፣ ሕጉ ይሄው ነው። ሌቭሉ ከፍ ሲል ግን ሁሌ አንድ ሳጥን ጥግ ላይ ይቀራል፣ በቃ እንደገና ከመጀመሪያ። እኔም ለብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ጣቴን እየጎተትኩ ነበር የምሞክረው፣ የተሻሻልኩት ስክሪኑን ከመንካቴ በፊት ማየት ስጀምር ነው።

ምኑን ነው የምታዩት? ሳጥን ሁሉ መግቢያና መውጫ በር፣ ማለትም ወደ ጎረቤት ሳጥን የሚያሳልፍ ክፍት ጎን ይፈልጋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት በር ብቻ ያላቸውን ፈልጉ። ጎረቤቱ ግድግዳ ካልሆነ ጥግ ያለው ሁሌ እንደዛ ነው፣ መነሻ ወይ መድረሻ ካልሆነ መስመሩ በአንዱ ጎረቤቱ ገብቶ በሌላው መውጣቱ ግድ ነው፣ ስለዚህ ሦስቱን እንደ አንድ ቁራጭ ቁጠሯቸው። መሃል ላይ ግድግዳ የከበባቸውም እንደዛው። እነዚህን በአይናችሁ ስታያይዙ ብዙ ጊዜ የመንገዱ ግማሽ ገና ሳትነኩት ይታያችኋል። አንድ በር ብቻ ያለው ሳጥን ካለ ደግሞ፣ መነሻችሁ ካልሆነ መጨረሻችሁ እሱ ነው።

እየሄዳችሁ እያለ፣ አሁን ያላችሁበትን ሳጥንም እንደ በር ቆጥራችሁ፣ ባለ አንድ በር ሳጥን ሁለት ከሆነባችሁ ወዲያው ተመለሱ፣ አትድከሙ። ባዶውን ቦታ ለሁለት መክፈልም ያው ነው፣ ወዲያ ማዶ የቀረውን መቼም አትደርሱበትም።

አሁን በጣም የምወደውን ልንገራችሁ። ሳጥኖቹን በሐሳብ እንደ ቼዝ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ ቀቧቸው፣ እያንዳንዱ እርምጃ ቀለም ይቀይራል አይደል? 3 በ 3 ወረቀት ላይ ሥሩና እዩት፣ አራቱ ጥግና መሃሉ ጥቁር ከሆኑ 5 ጥቁር 4 ነጭ አለ። ከነጭ ከተነሳችሁ ነጭ ጥቁር ነጭ ጥቁር እያላችሁ 7ኛው ላይ ነጩ ያልቅና 8ኛው ጥቁር ላይ ስትደርሱ አንድ ጥቁር ብቻውን ይቀራል፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብትሞክሩ አይሞላም። ከጥቁር ተነስቶ ጥቁር ላይ መጨረስ ብቻ ነው መፍትሔው። ሁለቱ ቀለሞች እኩል ከሆኑ ደግሞ መድረሻው ከመነሻው በተቃራኒ ቀለም ላይ ነው፣ ስለዚህ ግማሹን ሳጥን ከመድረሻነት ሰረዛችሁ ማለት ነው።

ሳጥን ሳይሆን ነጥቦችን የሚያገናኙ መስመሮችን ሁሉ አንዴ አንዴ የምታልፉበት ጌም ከሆነ ሌላ ነው፣ እሱ በጣም ይቀላል። ከየነጥቡ ስንት መስመር እንደሚወጣ ቁጠሩ። ጎዶሎ የወጣባቸው ሁለት ከሆኑ ከአንዱ ጀምራችሁ ሌላው ላይ ጨርሱ፣ ምንም ጎዶሎ ከሌለ ከየትም ጀምሩ፣ ከሁለት ከበለጡ አይቻልም። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1736 የኮኒግስበርግ ከተማን 7 ድልድዮች አንዴ አንዴ ብቻ ረግጦ መጨረስ እንደማይቻል ያሳየው በዚሁ ነው፣ አራቱም የከተማዋ ክፍሎች ጎዶሎ ድልድይ ነበራቸው። ለሳጥኑ ጌም ግን እንዲህ ቆጥሮ የሚገላግል አጭር ሕግ እስካሁን አልተገኘም፣ ለዛ ነው በሮቹን በትዕግስት ማየት ያለባችሁ።

ከፊት አልሄድ ካላችሁ ሂንት ከመንካታችሁ በፊት ከመድረሻው ወደ ኋላ ሞክሩት፣ መስመሩ በሁለቱም በኩል ያው ስለሆነ።