ተጣብቃ የቀረች ሲንጀር ስታገኙ

ሽሮ ሜዳ ላይ ጥለት የምሰፋባት በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና ሲንጀር 15ኬ ናት። «ኬ» የምትለዋ ፊደል ስኮትላንድ ውስጥ ኪልቦዊ በሚባለው ፋብሪካ መሠራቷን ትናገራለች፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል። ስገዛት መዘውሯ ንቅንቅ አይልም ነበር። ሻጩ «አልቆላታል» ብሎ ቀነሰልኝ። እኔም ዝም አልኩ፤ ጠጋ ብዬ ሳሸታት የኑግ ዘይት ነው ያጣበቃት።

የምግብ ዘይት ሲደርቅ ሙጫ ይሆናል። መፍትሔው ነጭ ጋዝ ነው። በየዘይት መጠጫ ቀዳዳው ሁለት ሦስት ጠብታ አድርጉና አሳድሯት፤ ከከሰል ምድጃ ግን አርቁ። ጠዋት መዘውሩን ወዲያና ወዲህ በቀስታ ወዝውዙ፤ በጉልበት ከታገላችሁ ትሰበራለች። የእኔዋ በሦስተኛው ሌሊት ነው እጅ የሰጠችው። ከዚያ ጋዙን በጨርቅ ጥረጉና ቀጭኑን የስፌት መኪና ዘይት ስጧት፤ ጋዝ ያጥባል እንጂ አያለሰልስም። መጀመሪያ ብጣሽ ጨርቅ ላይ ስፉ። እኔ ይህን ዘልዬ የደንበኛ ነጠላ ላይ ዘይት አንጠብጥቤ ከፍያለሁ።

ወርቃማ ጌጧን በአልኮል አትንኩ፤ ቫርኒሹን ያሟሟውና ጌጡ አብሮ ይሄዳል። እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ነው፦ ከጨርቁ ሥር ክር ሲተበተብ ሁሉም የታችኛውን ክር ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የላይኛው ነው። ክር ስታስገቡ ጨርቅ የምትጫነዋን እግር አንሱ፤ ያኔ የክር ማጥበቂያው ሳህኖች ይከፈቱና ክሩ መሃላቸው ይገባል። እግሯ ወርዳ ከሆነ ክሩ ከላይ ይንሳፈፍና ከሥር ይከማቻል። መርፌም አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ ነው፤ ክር የሚገባው በተቃራኒው፣ ቦይ ባለበት ጎን ነው። እሷ ተገልብጣ ከተገጠመች ስፌት አይያዝም።

ጨርቅ ሳይኖር እግሯን አውርዳችሁ አትርገጡ፤ ጨርቁን የሚገፉት የታች ጥርሶች ተፍቀው ያልቃሉ። ሲረገጥም የመዘውሩ አናት ወደ እናንተ ይዙር፤ ወደኋላ ከዞረ ክር ይበጥሳል።

መርገጫውን ከመዘውሩ ጋር የሚያገናኘው የቆዳ ቺንጋ ሲላላ አዲስ ለመግዛት አትሩጡ። የሽቦ ማያያዣውን በፒንሳ አውጡ፣ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ቁረጡ፣ በምስማር ቀዳዳ ብሱና መልሳችሁ አያይዙ። በጣም ካሳጠራችሁት መርገጫው ይከብዳል፤ ማታ ጉልበታችሁ ይነግራችኋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስፌት መኪና ያላቸው ጎረቤቶቼ እኔ ጋ መጥተው ወረፋ ይይዛሉ።