ደብረ ብርሃን ላይ የአይጥ ግልገሎች ሌሊት እየሞቱ ሲያስቸግሩ

ለእባብ ምግብነት የሚረቡት ነጭ አይጦች ከጥቅምት ውርጭ ጀምሮ የሚወልዱት ሁሉ ጠዋት ደርቆ ይገኝ ነበር፤ ከፊሉን እናትየዋ በልታዋለች። ምግባቸው ላይ የተቀቀለ እንቁላል መጨመር ምንም አልፈየደም። አምፖል ማንጠልጠልም ያው ነው፦ መብራት ሲጠፋ ሙቀቱም አብሮ ይጠፋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ከበራ ደግሞ እርባታውን ያዛባል።

መፍትሔ የሆነው ጎጆው ነው። ፀጉር ያላበቀለ ግልገል የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። ሣጥኑን ከሲሚንቶው ወለል አንስቶ ጣውላ ላይ ማስቀመጥ፤ ለእያንዳንዷ እርጉዝ 10 ግራም ያህል ሽታ የሌለው ሶፍት፣ ጥቂት የጤፍ ጭድ፣ አንድ ጠባብ ቀዳዳ ያላት የካርቶን ቤት። (የገብስ ጭድ ይዋጋል።) ከፀነሰች ከ19 እስከ 21 ቀን ስለምትወልድ ሶፍቱ ሳምንት ቀድሞ ይግባላት፤ ቦጫጭቃ እንደ ኳስ ድብልብል ጎጆ ታበጃለች። ከወለደች በኋላ 4 ቀን ጎጆውን መነካካት የለም፤ የደነገጠች እናት ልጆቿን ልትበላ ትችላለች።