ብረት ለበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሶፍትነር እንዴት ይመረጣል

ድሬዳዋ ውስጥ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ያየ ሰው ስለ ውሃው ጥንካሬ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። የከርሰ ምድር ውሃው በኖራ ድንጋይ መሃል አልፎ ስለሚመጣ ካልሲየም ጠግቦ ይወጣል፤ ጠንካራ የሚባለውም ለዚህ ነው። ለዚህ ሶፍትነር፣ ማለትም ካልሲየሙን አስቀርቶ ውሃውን የሚያለሰልሰው መሣሪያ፣ ዓይነተኛ መፍትሔ ነው። ነገር የሚወሳሰበው ግቢ ውስጥ የተቆፈረው ጉድጓድ ከካልሲየሙ ጋር ብረትም ሲኖረው ነው። ሻጩ “ብረትም ያወጣል” ይላል። አልዋሸም፤ ግን የሚያወጣው አንድ ዓይነት ብረት ብቻ ነው፣ እሱንም መጠኑ ሳይበዛ። ስለዚህ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ።

1. ብረቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ደረጃ ዘሎ ስለሚሄድ ነው። ብረት ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው የሟሟ ብረት ነው፤ ውሃው ከጉድጓድ ሲወጣ ጥርት ያለ ይሆንና አየር ካገኘው በኋላ ይደፈርሳል። ሁለተኛው ገና ሲቀዳ ዝገት ሆኖ የመጣ ነው። ሶፍትነር ውስጥ ያለው ሬዚን፣ ማለትም ደቃቅ የፕላስቲክ ፍሬዎች፣ የሟሟውን ብረት ልክ እንደ ካልሲየም ይይዝና በጨው ሲታጠብ ይለቀዋል። ዝገቱ ግን ሬዚኑ ላይ ይለጠፋል፤ ጨውም አያስለቅቀውም። ቀስ በቀስ እያንዳንዷ ፍሬ ቡናማ ልባስ ትይዛለች፣ ውሃውም ተመልሶ ይጠነክራል።

ለመለየት ሁለት ንጹሕ ሃይላንድ ይበቃል። ፓምፑን ለ10 ደቂቃ ያህል ካስኬዱ በኋላ ከጉድጓዱ መውጫ ላይ ይቅዱ። ከሮቶ የተቀዳ ውሃ ምንም አይነግርዎትም፤ ብረቱ እዚያው ተለውጦ ግማሹ ታች ዘቅጧል። አንደኛውን ሃይላንድ አየር ሳያስቀሩ እስከ አፉ ሞልተው ይክደኑ። ሁለተኛውን ግማሽ ድረስ ሞልተው በደንብ ይናጡና ክፍቱን ይተዉት። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም በማግስቱ ጠዋት፣ ከነጭ ወረቀት ፊት አድርገው ያነጻጽሯቸው። የተከደነው ጠርቶ ክፍቱ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ ብረቱ የሟሟ ነው። ሁለቱም ገና ሲቀዱ ቀላ ብለው ከነበረ ዝገት ነው። መጀመሪያ ትንሽ ቀልቶ በኋላ ከባሰበት ሁለቱም አለ፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው።

የሽንት ቤቱን የውሃ ማጠራቀሚያም ከፍተው በጣትዎ ይዳብሱ። ግድግዳው ላይ የሚያሙለጨልጭ፣ ቡናማ፣ ንፍጥ መሰል ነገር ካለ ጉድጓዱ የብረት ባክቴሪያ ይዞታል። ይህ ከሆነ ማንኛውንም መሣሪያ ከመግጠም በፊት ጉድጓዱ ራሱ በክሎሪን መታከም አለበት፤ አለዚያ ማጣሪያውም ሬዚኑም በአተላው ይደፈናሉ።

ቤት ውስጥም ምልክት አይጠፋም። ሻይ ቀለም የተጨመረበት ይመስል ይጠቁራል። ነጭ ነጠላ በበረኪና ሲዘፈዘፍ በመንጣት ፈንታ ቢጫ ጠቃጠቆ ያወጣል፤ ክሎሪኑ የሟሟውን ብረት ወደ ዝገት ለውጦ ክሩ ላይ ስለሚያስቀምጠው ነው።

ዓይነቱን ካወቁ በኋላ ቁጥሩን ላብራቶሪ ያስለኩ። የሚጠይቁት ጠቅላላ ጥንካሬ፣ ጠቅላላ ብረት፣ የሟሟ ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) እና ናይትሬት ነው። ለብረቱ ናሙና አሲድ የተጨመረበት ጠርሙስ ከላብራቶሪው ይቀበሉ። በተራ ጠርሙስ ከወሰዱት ብረቱ መንገድ ላይ ግድግዳው ላይ ይቀርና ውጤቱ ካለው በታች ይመጣል። የሟሟው ለብቻው የሚለካ ከሆነ ውሃው ጉድጓዱ አጠገብ ተጣርቶ ወደ ጠርሙሱ መግባት አለበት፤ አሲድ ዝገቱንም ያሟሟዋልና።

2. ብረቱን ለብቻው ማስወገድ ያስፈልግ እንደሆነ ይወስኑ

በሊትር 0.3 ሚሊግራም የሚባለው ብረት ዕቃና ልብስ ማቅለም የሚጀምርበት መጠን ነው። የሟሟ ብረት እስከ 1 ሚሊግራም ድረስ ሶፍትነር ብቻውን ይወጣዋል። ከዚያ በላይ እስከ 3 እና 5 ድረስ እንችላለን የሚሉ አምራቾች አሉ፤ መቻሉንስ ይችሉ ይሆናል፣ ግን የጨውና የሬዚን ማጽጃ ወጪው እየከበደ ይሄዳል። ከ1 ሚሊግራም ካለፈ፣ ወይም ዝገት ከታየ፣ መጀመሪያ ብረቱን ማውጣት በረጅም ጊዜ ይረክሳል።

ለዚህ ደግሞ ሮቶ ያለው ቤት ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ከጉድጓድ የሚመጣውን ውሃ በሻወር ራስ አድርገው ከላይ እየረጩ ወደ ሮቶው ያስገቡት፤ አየር ሲያገኝ ብረቱ ወደ ዝገት ይለወጣል። የውሃው ፒኤች ከ7 በላይ ከሆነ ለውጡ ፈጣን ነው፤ ከኖራ ድንጋይ የሚወጣ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው። ውሃው ሮቶው ውስጥ አድሮ ቢጠልል ይመረጣል፤ ሁለት ሮቶ በየተራ መጠቀም የሚመቸውም ለዚህ ነው። መውጫ ቧንቧውን ከታች 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት፣ ታች ደግሞ ዝቃጩ የሚለቀቅበት ቫልቭ ይኑር። ደቃቁ ዝገት ሁሉ ስለማይዘቅጥ ከሮቶው ቀጥሎ ወደ ኋላ የሚታጠብ የአሸዋ ማጣሪያ ያስፈልጋል። የታንኩ ስፋት 10 ኢንች የሆነ ማጣሪያ በደንብ ለመታጠብ በደቂቃ 20 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ፓምፑ ይህን ካልሰጠ አሸዋው አይነሳም፣ በጥቂት ወራት ውስጥም ይጋገራል። ማንጋኒዝ ካለ ግን በአየር ብቻ አይወጣም፤ የማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ማጣሪያ ይጠይቁ።

3. መጠኑን ያስሉ

“ለአምስት ሰው ቤት” የሚል ጽሑፍ አይመኑ። በሊትር ላለው ለእያንዳንዱ 1 ሚሊግራም ብረት ጥንካሬው ላይ 80 ሚሊግራም ያህል ይደምሩ። ለምሳሌ ጥንካሬው 400፣ ብረቱ 1 ከሆነ፣ የሚያሰሉት በ480 ነው። አምስት ሰው እያንዳንዱ በቀን 100 ሊትር ቢጠቀም 500 ሊትር ይሆናል፤ በ480 ሲባዛ በቀን 240 ግራም ጥንካሬ ማለት ነው። አንድ ሊትር ሬዚን በ160 ግራም ጨው ሲታጠብ 50 ግራም ያህል ይይዛል። ባለ 9 በ48 ኢንች ታንክ 28 ሊትር ገደማ ሬዚን ስለሚይዝ አቅሙ 1,400 ግራም ነው፣ ወደ ስድስት ቀን ይሄዳል። ብረት ስላለ ግን በየአራት ቀኑ እንዲታጠብ ያድርጉት፤ ብረት ሬዚን ላይ በቆየ ቁጥር ለመልቀቅ ይቸገራል። ትልቅ ታንክ ገዝቶ በሁለት ሳምንት አንዴ ማጠብ ቁጠባ ይመስላል፤ ብረት ባለበት ውሃ ግን ሬዚን መግደያ ነው።

አንድ እጥበት 4.5 ኪሎ ጨው ይወስዳል፣ በወር 34 ኪሎ ገደማ። ጨው ለመቆጠብ ብለው መጠኑን አይቀንሱ።

4. ግፊትና መብራት

ሶፍትነር ጨው ውሃውን ከበርሜሉ የሚስበው በውሃው ግፊት ስለሆነ አብዛኞቹ ቢያንስ 2 ባር ገደማ ይፈልጋሉ። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ነው፤ ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ግማሽ ባር እንኳ ላይሞላ ይችላል። እንዲህ ባለ ቤት የተገጠመ ሶፍትነር የታጠበ ይመስላል፣ ጨዉ ግን በርሜሉ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ከሮቶው ቀጥሎ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ሳይኖር መግዛት ትርጉም የለውም።

እጥበቱን የሚያስጀምረው ቫልቭ በሰዓት ከሚሠራው ይልቅ ሊትር ቆጥሮ የሚታጠበው ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋ ያስቆጠሩትን የሚያስታውስ መሆኑንም ይጠይቁ። መብራት በእጥበት መሃል ከጠፋ ቫልቩ ባለበት ይቆማል፤ ውሃ ወደ ፍሳሽ እየሄደ ሊያድርም ይችላል። መብራት ደጋግሞ የሚሄድበት ሰፈር ከሆነ በእጅ የሚዞረው ቫልቭ ርካሽም አስተማማኝም ነው፤ የሚጠይቀው በየአራት ቀኑ አንድ ሰዓት መጠበቅ ነው።

ታንኩን ጥላ ውስጥ ያቁሙት። የድሬዳዋ ፀሐይ ፋይበር ታንክንና የፕላስቲክ ቫልቭን ያደክማል።

5. ጨው፣ ፍሳሽ፣ የኩሽና ቧንቧ

ጥሬ፣ ደረቅና ንጹሕ ጨው ይግዙ። አዮዲን ያለው አይጎዳም፤ የተፈጨ ደቃቅ ጨው ግን በርሜሉ ውስጥ ይጋገርና ከሥሩ ባዶ ቦታ ይፈጥራል፣ ላዩን ሲያዩት ሙሉ ነው። አፈር ያለበት ጨው ደግሞ ጨው ውሃው የሚሳብበትን ቀዳዳ ይደፍናል።

አንድ እጥበት 200 ሊትር ያህል ጨዋማ ውሃ ይጥላል። ወደ ፓፓያው ወይም ወደ ሎሚው ሥር እንዳይሄድ ያድርጉ። የአትክልት ቧንቧውንም ከሶፍትነሩ በፊት ይቀጥሉት።

የኩሽና ቧንቧም ሳይለሰልስ ቢቀር ይመረጣል። 400 የነበረ ጥንካሬ ሲለሰልስ በሊትር 180 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ይጨምራል፤ ደም ግፊት ላለበት ሰው ይህ ትንሽ አይደለም። ሶፍትነር ጀርም አይገድልም፣ ናይትሬትም አያወጣም። የናይትሬት ውጤቱ ከ50 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ውሃውን ለሕፃን አይስጡ፤ ማፍላት ናይትሬቱን ያከማቸዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ሲገጠም ሦስት ቫልቭ ያለው ባይፓስ፣ ማለትም ውሃው ሶፍትነሩን ዘሎ የሚያልፍበት መስመር፣ ይኑረው። የክሎሪን ውሃ ወደ ሬዚኑ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ ጉድጓዱ በታከመ ሰሞን ባይፓሱን ይክፈቱ። ከዚያ በኋላ በጠብታ የሚሠራ ርካሽ የጥንካሬ መመርመሪያ ገዝተው እጥበት ሊደርስ ሲል የሚወጣውን ውሃ በየወሩ ይለኩ። ቁጥሩ መውጣት ከጀመረ መጀመሪያ ጨዉን፣ ቀጥሎ ግፊቱን፣ በመጨረሻ ሬዚኑን ይመርምሩ። ሬዚኑ ቡናማ ከሆነ ለዚሁ የተሠራ የብረት ማጽጃ ይጠቀሙ፤ ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም አያደባልቁት።