«ሽንት ያመልጠኛል» ብሎ ለሐኪም መንገር

ሐኪም ፊት ቀርቦ «ኩላሊቴን ያመኛል» ወይም «ሽንት ያስቸግረኛል» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ሐኪሙም የሰማውን ይዞ ሽንት ያስመረምራል፣ የኢንፌክሽን መድኃኒት ያዛል፤ ማምለጡ ግን ባለበት ይቀጥላል። ስለዚህ ገና እንደተቀመጡ «ሳላስበው ሽንት ያመልጠኛል፤ የመጣሁት ለዚህ ነው» ይበሉ። ሊወጡ ሲሉ ካነሡት ለመመርመር ጊዜ አይተርፍም። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ለብቻ መነጋገር እንደሚፈልጉ ይናገሩ። አፍዎ እንቢ ካለ ጽፈው ይስጡ። በውጭ አገር የሚታከሙ ከሆነ አስተርጓሚ እንዲመደብልዎ ይጠይቁ፤ በልጅ በኩል ሲነገር ግማሹ ይዋጣል።

ለሐኪሙ ከሁሉ የሚጠቅመው የ3 ቀን መዝገብ ነው። ሚሊ ሊትር የተጻፈበት ጆግ ለዚሁ ብቻ ይለዩና በሸኑ ቁጥር ሰዓቱንና መጠኑን ይጻፉ። የጠጡትንም እንዲሁ፤ ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ በሲኒ ይቁጠሩት፣ ቡና ፊኛን ያጣድፋል። ባመለጠዎ ጊዜ ምን እያደረጉ እንደነበር፣ ጠብታ ይሁን ልብስ የሚያርስ፣ በቀን ስንት ሞዴስ እንደሚቀይሩ ያክሉ። እንዳያመልጠኝ ብለው ውሃ አይቀንሱ፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ መዝገቡም እውነቱን አያሳይም። በጾም እስከ 9 ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ ከሆነም ይጻፉት።

«መቼ ነው የሚያመልጥዎ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ሕክምናውን ይለያል። ሲያስሉ፣ ሲስቁ ወይም ጀሪካን ሲያነሡ ከሆነ ሽንትን የሚይዙት ጡንቻዎች ላልተዋል ማለት ነው። በድንገት አጣድፎ ሽንት ቤት ሳይደርሱ ከሆነ ፊኛው ያለጊዜው እየተኮማተረ ነው። ሽንቱ ቀጥኖና እየተቆራረጠ ወጥቶ፣ ከዚያም በኋላ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ፊኛው ሙሉ በሙሉ ባዶ አይሆንም ማለት ነው፤ በወንዶች ፕሮስቴት፣ በሁለቱም ጾታ ስኳር ለዚህ ምክንያት ይሆናሉ። ከከባድ ምጥ በኋላ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስ ግን ፌስቱላ፣ ማለትም በፊኛና በማሕፀን በር መንገድ (በብልት) መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ያኔ ምጡ ስንት ቀን እንደቆየ ይናገሩ፣ ሪፈርም ይጠይቁ፤ ሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይዘው ይሂዱ። ላሲክስ ሽንት ያበዛል። የግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል ደግሞ አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስይዘዋል፣ ሳሉም ሽንቱን ያስመልጣል። በራስዎ ግን አያቋርጡ።

ሳይወጡ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ «ስኳር ታይቶልኛል?» እና «ከሸናሁ በኋላ ፊኛዬ ውስጥ የሚቀር አለ?» የኋለኛው በአልትራሳውንድ ይታያል። ሽንትን የሚይዙትን ጡንቻዎች የሚያጠነክር ስፖርት ከታዘዘልዎ ትክክለኛውን ጡንቻ እየጨበጡ መሆኑን እዚያው እንዲያረጋግጡልዎ ያድርጉ፤ ብዙዎች ሆዳቸውን እየወጠሩ ወር ይፈጃሉ። ቢያንስ 8 ጊዜ ጨበጥ ለቀቅ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ3 ወር ነው። በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ መተው ያሳዝናል።

ሽንት ጭራሽ እንቢ ካለ፣ ደም ከቀላቀለ፣ ከትኩሳት ጋር ጎን ከወጋ፣ ወይም ጭን ለጭን መካከል ደንዝዞ እግር ከሰነፈ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።